የጭምብሉ ወራሾች

አንድ ተውኔት ስሙ የሚነሳው ከመጀመሪያዎቹ ተዋንያኑ ጋር ነው። ዘፈኖቹ የሚቀረጹት በእነሱ ድምፅ ነው፤ ፖስተሩ ላይ የሚወጣውም የእነሱ ስም ነው። ተውኔቱ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ከመድረክ ሳይወርድ ሲቆይ ግን ሸክሙ የሚያርፈው በሌሎች ትከሻ ላይ ነው። እነዚህ ተረካቢዎች ሌላ ሰው ያስጨበጨበበትን ልብስ ለብሰው፣ ተመልካቹ ከካሴት ሰምቶ በቃሉ የያዘውን ዜማ ይዘው በየምሽቱ ይወጣሉ። የእነሱን ድካም አጉልቶ ከሚያሳዩ ሥራዎች አንዱ በለንደን ተጀምሮ በኒውዮርክ ብሮድዌይ ለ35 ዓመታት የዘለቀው «ዘ ፋንተም ኦፍ ዘ ኦፔራ» የተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት ነው። የሚከተለው የዚያ ተውኔት መሪ ተዋንያን ታሪክ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድምፅ ፍለጋ

የተውኔቱ መነሻ ልብ ወለድ ነው። ፈረንሳዊው ጋዜጠኛና ደራሲ ጋስቶን ለሩ ከ1909 እስከ 1910 በጋዜጣ ላይ በተከታታይ ያወጣው ይህ ድርሰት፣ በፓሪስ ታላቁ ኦፔራ ቤት ምድር ቤት ተሸሽጎ ስለሚኖር አንድ የሙዚቃ ሊቅ ይተርካል። ሰውየው ፊቱ የተበላሸ ነው፤ በጭምብል ይሸፍነዋል። በኦፔራ ቤቱ የሚሠሩት ሁሉ መንፈስ ነው ብለው ይፈሩታል። እሱ ግን ክሪስቲን የተባለችን ወጣት ዘፋኝ በድብቅ ድምፅ ያሠለጥናታል፤ ይወዳታልም። የክሪስቲን ልብ ደግሞ ከልጅነት ጓደኛዋ፣ ከባላባቱ ከራውል ጋር ነው። የሙዚቃዊ ተውኔቱ ሦስት መሪ ገጸ ባሕርያት እነዚህ ናቸው፤ ፋንተም፣ ክሪስቲን እና ራውል።

እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ አንድሩ ሎይድ ዌበር ይህን ታሪክ ለመድረክ ሲያስብ የክሪስቲን ጉዳይ አላስጨነቀውም። በ1984 ያገባት ሳራ ብራይትማን በባሌ ዳንስ የሠለጠነች፣ በ1981 «ካትስ» በተባለው ሥራው የመጀመሪያ ተዋንያን መካከል የነበረች ሶፕራኖ ዘፋኝ ነበረች። የክሪስቲንን ክፍል የጻፈው የእሷን ድምፅ እያሰበ ነው። በተውኔቱ መጠሪያ ዘፈን ማብቂያ ላይ ያለው፣ ብዙ ዘፋኞች የማይደፍሩት እጅግ ከፍተኛ ድምፅም ለእሷ ጉሮሮ የተለካ ነው። ከእሷ በኋላ የሚመጡት ሁሉ በዚያ ልክ መመዘን ግድ ሆነባቸው።

በ1985 በጋ ሎይድ ዌበር በሃምፕሸር በሚገኘው መኖሪያ ግቢው፣ በሲድመንተን፣ የሥራውን የመጀመሪያ ክፍል ለወዳጆቹና ለሙያ ባልደረቦቹ አሳየ። የፋንተምን ቦታ ይዞ የዘፈነው አየርላንዳዊው ኮልም ዊልኪንሰን ነበር። ዊልኪንሰን ግን በዚያው ዓመት በለንደን በተከፈተው «ለ ሚዜራብል» በተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት ውስጥ ዣን ቫልዣንን ለመጫወት ታጨ፤ ጭምብሉም ሌላ ሰው ፍለጋ ሄደ።

ቀጥሎ የመጣው ኮክኒ ሬብል የተባለው የሮክ ባንድ መሪ ስቲቭ ሃርሊ ነው። በ1986 መጀመሪያ ከብራይትማን ጋር የዘፈነው የመጠሪያ ዘፈን በሸክላ ወጥቶ በእንግሊዝ ከምርጥ አሥሮቹ ተርታ ገባ። ሃርሊ ሚናውን ማጥናት ጀምሮ ነበር። ይሁን እንጂ አዘጋጆቹ ልምድ ያለው የመድረክ ተዋናይ መረጡና ቦታው ከእጁ ወጣ። ዘፈኑን ለሕዝብ ጆሮ ያደረሰው እሱ ሆኖ ሳለ በመድረኩ ላይ አንድም ምሽት ሳይቆም ቀረ።

የተመረጠው ማይክል ክሮፎርድ ነበር። ምርጫው በጊዜው ብዙዎችን አስገርሟል። የእንግሊዝ ሕዝብ ክሮፎርድን የሚያውቀው በ1970ዎቹ በቴሌቪዥን ባቀረበው አስቂኝ ድራማ ላይ፣ የነካው ሁሉ የሚፈርስበትን ፍራንክ ስፔንሰርን ሆኖ ነው። ከዚያ ሳቅ በስተጀርባ ግን በልጅነቱ በሙዚቃ ደራሲው በቤንጃሚን ብሪተን ሥራዎች ውስጥ የዘፈነ፣ ለዓመታትም ድምፁን ሲገራ የኖረ ሰው ነበር። የድምፅ አሠልጣኙ ኢያን አዳም ደግሞ ብራይትማንንም ያሠለጥናት ነበር። ሎይድ ዌበር ሚስቱን ሊወስድ ወደ አሠልጣኙ ቤት ጎራ ባለበት ዕለት ተራውን ይዞ የሚዘፍነውን ክሮፎርድን ሰማ። የሰማው ድምፅ በቴሌቪዥን የሚያውቀው የቀልደኛው ሰው አልነበረም።

ራውል ሆኖ የተመረጠው አሜሪካዊው ስቲቭ ባርተን ነው። በዳይሬክተርነት ሃሮልድ ፕሪንስ፣ በፕሮዲዩሰርነት ካሜሮን ማኪንቶሽ፣ በዳንስ ቅንብር ጊሊያን ሊን፣ በመድረክና በአልባሳት ንድፍ ማሪያ ቢዮርንሰን ተሰለፉ።

ግማሽ ፊት

ቢዮርንሰን ካጋጠሟት ችግሮች ዋነኛው ጭምብሉ ነበር። በልብ ወለዱ ፋንተም ፊቱን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። በመድረክ ላይ ግን ሙሉ ጭምብል ያጠለቀ ሰው አፉ ይታፈናል፤ ስሜቱም ከተመልካቹ ይሰወራል። መፍትሔው ጭምብሉን በግማሽ መቁረጥ ሆነ። አንዱ ጉንጭ ተሸፍኖ ሌላው ክፍት ቀረ፤ አፍም ነጻ ወጣ። ዓለም በፖስተሩ ላይ የሚያየው ነጭ ጭምብል ሁለቱንም ዓይን ይሸፍናል፤ በመድረክ ላይ ያለው ግን ግማሹ ነው። ያ ግማሽ ፊት ለተዋናዩ ብቸኛ መግለጫው ነው። ቀሪውን በድምፁና በእጆቹ ይሞላዋል። ክሮፎርድ እጆቹን አየሩን እንደሚዳስስ አድርጎ ያንቀሳቅስ ነበር፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ፋንተሞች ሁሉ በእጆቻቸው ምን እንደሚያደርጉ ራሳቸውን መጠየቅ ነበረባቸው።

ከጭምብሉ በታች ያለው ሥራ ከጭምብሉ ይብስ ነበር። ክሮፎርድ ሜካፑን ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ያህል ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር። የተበላሸውን ቆዳ የሚመስሉ ቁርጥራጮች አንድ በአንድ ፊቱ ላይ ይለጠፋሉ። ጸጉሩ ይታሸግና መላጣ የሚያስመስል ሽፋን ይደረግበታል። በላዩ የሳሳ ጸጉር፣ በዚያ ላይ ደግሞ ጥቁሩና ያማረው ዊግ ይመጣል። ዓይኖቹም ቀለማቸው የተለያየ ሌንስ ይገባባቸዋል። ይህ ሁሉ የሚዘጋጀው ክሪስቲን ጭምብሉን ነጥቃ ፊቱን ለምታጋልጥባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ከዚያ በፊትና በኋላ ተዋናዩ ያንን ሁሉ ተሸክሞ ይዘፍናል፤ ከመድረኩ ቅስት በላይ በሚንጠለጠለው ወርቃማ መልአክ ላይ ይወጣል፤ ክሪስቲንን በጀልባ ይዞ ጭስ በሸፈነው ሐይቅ ላይ ያልፋል።

ተውኔቱ ጥቅምት 9 ቀን 1986 በለንደን ሐር ማጀስቲስ ቲያትር ተከፈተ። ስለ ክሮፎርድ የነበረው ጥርጣሬ በዚያው ምሽት አበቃ። በዚያው ዓመት የብሪታንያ ከፍተኛውን የቲያትር ሽልማት፣ ኦሊቪየርን፣ ተቀበለ።

ከመጀመሪያው ጀምሮ የክሪስቲን ሚና በአንድ ሰው ብቻ እንደማይያዝ ታውቆ ነበር። በሳምንት ስምንት ትርዒት ይታያል። ክሪስቲን በሁለቱም ክፍሎች ከመድረክ የምትርቅባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸው፤ ዜማዋም ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ከስምንቱ ሁለቱን የምትሸፍን ቋሚ ተለዋጭ ተመደበች። በለንደን ይህን ኃላፊነት የያዘችው ክሌር ሙር ስትሆን በኋላ ዋናዋ ክሪስቲን ሆናለች። በአንድ ምሽት ትርዒት ውስጥ እንኳ ክሪስቲን አንድ ብቻ አይደለችም። ፋንተም በመስታወቱ አሳልፎ ወደ ምድር ቤቱ ሲወስዳት በተንጣለለው መወጣጫ ላይ የሚታዩት ተመሳሳይ ልብስ የለበሱ ሌሎች ሰዎች ናቸው። እነሱ በሚያልፉበት ቅጽበት መሪዎቹ ተዋንያን ከኋላ ሮጠው ጀልባው ላይ ይደርሳሉ። ተመልካቹ ልዩነቱን አይለይም፤ ማንነታቸውንም አይጠይቅም።

ወደ ኒውዮርክ

ተውኔቱ ወደ ብሮድዌይ ለመሻገር ሲዘጋጅ ያልታሰበ እንቅፋት ገጠመው። የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር ክሮፎርድን በዓለም አቀፍ ዝናው ሲቀበል ብራይትማንን ግን አልቀበልም አለ። የማኅበሩ መከራከሪያ ቦታውን ልትይዝ የምትችል አሜሪካዊት አለች የሚል ነበር። ሎይድ ዌበር ሚናው ለእሷ የተጻፈ በመሆኑ ያለ እሷ ተውኔቱን እንደማያመጣ አስታወቀ። በመጨረሻ ስምምነት ተደረሰ። ብራይትማን ለስድስት ወር ያህል በኒውዮርክ እንድትጫወት ተፈቀደ፤ በምትኩ ሎይድ ዌበር በቀጣዩ የለንደን ሥራው ለአንድ አሜሪካዊ ተዋናይ መሪ ሚና ሊሰጥ ቃል ገባ። ቃሉንም በ1989 «አስፔክትስ ኦፍ ላቭ» ውስጥ ለአን ክራም ቦታ በመስጠት ፈጸመ።

ጥር 26 ቀን 1988 በማጀስቲክ ቲያትር መጋረጃው ሲከፈት ቀድሞ የተሸጠው ትኬት ብቻ ከ16 ሚሊዮን ዶላር አልፎ ነበር። በዚያ ዓመት ተውኔቱ በብሮድዌይ ከፍተኛ ከሚባሉት ከቶኒ ሽልማቶች ሰባቱን ወሰደ። ከሰባቱ አንዱ የክሮፎርድ ነበር፤ ካርሎታ የተባለችዋን ኩሩ ዘፋኝ የተጫወተችው ጁዲ ኬይም ተሸለመች። ያን ያህል ጥል የተነሳባት ብራይትማን ግን ለዕጩነት እንኳ አልቀረበችም። የኒውዮርክ ሐያስያን በትወናዋ ላይ የሰነዘሩት ትችት ጠንካራ ነበር። እኔ የሚሰማኝ ፍርዱ ግማሹን ብቻ ያየ መሆኑ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ክሪስቲን ለመሆን የምትፈተን ወጣት ዘፋኝ ሁሉ የምትሰለፈው ብራይትማን በከፈተችው መንገድ ላይ ነው።

ብራይትማን በዚያው ዓመት አጋማሽ ቦታዋን ለቀቀች። ከተተኪዎቿ አንዷ በተጠባባቂነት ሚናውን ስታጠና የቆየችው ሬቤካ ሉከር ነበረች። ሉከር ወደ ብሮድዌይ የገባችው በዚህ ተውኔት ሲሆን፣ በ2020 መጨረሻ በሕመም እስካረፈችበት ድረስ ከአሜሪካ ሙዚቃዊ ቲያትር ተወዳጅ ሶፕራኖዎች አንዷ ሆና ኖራለች።

ከክሮፎርድ ጥላ ሥር

ክሮፎርድ በለንደን፣ በኒውዮርክና በሎስ አንጀለስ በድምሩ ከ1,300 ጊዜ በላይ ፋንተምን ተጫውቷል። በለንደን ቦታውን የተረከበው ዴቭ ዊሌትስ ነው። የዊሌትስ ፈተና ቀላል አልነበረም። ተመልካቹ ትኬቱን የቆረጠው የክሮፎርድን ስም ሰምቶ ነው፤ አልበሙም በክሮፎርድ ድምፅ በየቤቱ ገብቷል። ዊሌትስ ተራውን ይዞ ወጣ፤ ትርዒቱም አዳራሹን ሞልቶ ቀጠለ። ያን ጊዜ አዘጋጆቹ አንድ ነገር ተረዱ፤ ተውኔቱ ያለ ክሮፎርድም መኖር ይችላል።

ከዚያ በኋላ ጭምብሉ በዓለም ዙሪያ ተበተነ። በ1988 በቶኪዮ የጃፓኑ ሺኪ ቡድን በራሱ ቋንቋ አቀረበው። በዚያው ዓመት መጨረሻ በቪየና አሌክሳንደር ገበል በጀርመንኛ ዘፈነው። በ1990 በሃምቡርግ የኦፔራ ዘፋኙ ፔተር ሆፍማን ተቀበለው፤ በዚያው ዓመት በሜልቦርን አንቶኒ ዋርሎው እና ማሪና ፕራየር ከፈቱት። ከሁሉ ይልቅ ታሪኩን የሚገጣጥመው ግን የቶሮንቶው ነው። በ1989 በፓንቴጅስ ቲያትር ጭምብሉን ያጠለቀው ከአራት ዓመት በፊት በሲድመንተን የዘፈነው ኮልም ዊልኪንሰን ነበር። የቶሮንቶው ትርዒት አሥር ዓመት ቆየ።

በ1990 በሎስ አንጀለስ ክሮፎርድ ሲለቅ ቦታውን የተረከበው ሮበርት ጊዮም ሆነ። ጊዮም በቴሌቪዥን ቤንሰን የተባለውን ገጸ ባሕርይ በመጫወት የኤሚ ሽልማት ያገኘ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ብዙ የአገራችን ልጆች ሳያውቁት ድምፁን ሰምተውታል፤ በ1994ቱ «ላየን ኪንግ» ፊልም ውስጥ ሽማግሌውን ራፊኪን ያናገረው እሱ ነው። ጊዮም ፋንተምን የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ተዋናይ ነው። ይህ የሆነው ግን በሎስ አንጀለስ ነበር፤ የብሮድዌይ በር ለመከፈት ገና 24 ዓመት ይቀረው ነበር።

በእነዚያ ዓመታት በሚናዎቹ መካከል አንድ የእድገት መሰላል ተፈጠረ። ራውል ሆኖ የገባ ወጣት ድምፁ ሲጎለምስና ዕድሜው ሲጨምር ፋንተም ሆኖ ይመለሳል። የመጀመሪያው ራውል ስቲቭ ባርተን ራሱ በ1990 በብሮድዌይ ጭምብሉን አጠለቀ። ዴቪስ ጌይንስም ከራውልነት ተነስቶ ፋንተምን ከ2,000 ጊዜ በላይ ተጫወተ። ሂዩ ፓናሮ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ራውል ነበር፤ በ1999 ፋንተም ሆነ፤ ከዚያም በተለያዩ ጊዜያት እየተመለሰ እሱም 2,000ን አለፈ። እነዚህ ሰዎች ሚናውን የተማሩት በየምሽቱ ከተቃራኒው ወገን ቆመው እያዩ ነው። በተውኔቱ ውስጥ ፋንተም አንገቱ ላይ ገመድ ሲያጠልቅበት የኖረ ራውል፣ ገመዱን በተራው ሲወረውር ምን እንደሚሠራ ያውቃል።

የጽናት ዓመታት

ከ1999 ጀምሮ በብሮድዌይ ጭምብሉን የያዘው ሃዋርድ ማጊሊን በድምሩ 2,544 ጊዜ በመጫወት በዚያ መድረክ የፋንተምነትን ክብረ ወሰን ያዘ። ከእሱ ጋር ብዙ ጊዜ የተጣመረችው ሳንድራ ጆሴፍ በብሮድዌይ ረጅሙን ጊዜ ክሪስቲን ሆና የቆየች ተዋናይት ናት። የትዳር አጋሯን ሮን ቦመርንም ያገኘችው ከዚሁ ተውኔት ነው፤ ቦመር ፋንተምን የተጫወተ ነበር።

ጥር 9 ቀን 2006 ማጊሊንና ጆሴፍ በመድረኩ ላይ ቆመው ሳለ ተውኔቱ 7,486ኛ ትርዒቱን አሳየ። በዚህም «ካትስ» ይዞት የነበረውን የብሮድዌይ ክብረ ወሰን ሰበረ።

ቁጥሮቹን መዘርዘር ቀላል ነው፤ ትርጉማቸውን ማሰብ ግን ይከብዳል። 2,544 ምሽት ማለት ያንኑ ሜካፕ 2,544 ጊዜ መቀባት፣ ያንኑ ኀዘን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደተሰማ አድርጎ 2,544 ጊዜ ማልቀስ ነው። ጉንፋን የያዘው ዕለትም፣ ቤቱ የተቸገረ ዕለትም፣ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ግን ምናልባት ገንዘብ አጠራቅሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ነው። ተዋናዩ ለዚያ ሰው ትናንትን ሊያሳየው አይችልም።

በ2004 ተውኔቱ ፊልም ሆኖ ወጣ። መሪዎቹ ጄራርድ በትለር፣ ኤሚ ሮሰም እና ፓትሪክ ዊልሰን ነበሩ። ቀድሞ ክሮፎርድና ብራይትማን ሊሠሩት ታስቦ የነበረው ፊልም በሎይድ ዌበርና በብራይትማን ፍቺ ምክንያት ቀርቶ ነበር።

በ2004ቱ ፊልም ውስጥ በፎቶግራፍ ብቻ የሚታየው የክሪስቲን ሟች አባት ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። የፎቶው ባለቤት ራሚን ካሪምሉ ነው። ካሪምሉ በኢራን ተወልዶ ገና ሕፃን ሳለ ከቤተሰቡ ጋር አገሩን ለቀቀ፤ ያደገው በካናዳ ነው። በ12 ዓመቱ ቶሮንቶ ውስጥ ኮልም ዊልኪንሰን ፋንተም ሆኖ ሲጫወት አየ፤ ያን ቀን የወደፊት ሕይወቱን ወሰነ። በለንደን መጀመሪያ ራውል ሆነ፤ በ2007 ጭምብሉን አጠለቀ። በዚህ መንገድ ከክሪስቲን ሕይወት ውስጥ ሦስቱንም ወንዶች፣ አባቷንም፣ እጮኛዋንም፣ መምህሯንም ሆኗል።

ካሪምሉ ከሲየራ ቦገስ ጋር መጣመሩ ለተውኔቱ አዲስ ዘመን አመጣለት። ቦገስ በ2006 በላስ ቬጋስ በተከፈተው አጠር ያለ ቅጂ ክሪስቲን ነበረች። በ2010 የታሪኩ ቀጣይ በሆነው «ላቭ ኔቨር ዳይስ» ሁለቱ አብረው ሠሩ። በጥቅምት 2011 መጀመሪያ የተውኔቱ 25ኛ ዓመት በለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ ሲከበር መሪዎቹ እነሱ ነበሩ፤ ትርዒቱም በፊልም ተቀርጾ ለዓለም ተሠራጨ።

የዚያ ምሽት መዝጊያ የዚህን ሁሉ ታሪክ ትርጉም በአንድ መድረክ ላይ አሳየ። ብራይትማን ወጥታ የመጠሪያ ዘፈኑን ጀመረች። የፋንተምን ድምፅ ተራ በተራ የመለሱላት አራት ፋንተሞች ነበሩ፤ ኮልም ዊልኪንሰን፣ አንቶኒ ዋርሎው፣ ስዊድናዊው ፔተር ዮባክ እና በለንደን ለዓመታት የተጫወተው ጆን ኦወን ጆንስ። በ1985 ለወዳጆች ብቻ የዘፈነው ዊልኪንሰንና እሱን አይቶ ሥራውን የመረጠው ካሪምሉ በአንድ መድረክ ተገናኙ። ክሮፎርድም በአዳራሹ ነበር፤ መድረክ ላይ ወጥቶ የሕዝቡን ምስጋና ተቀበለ።

የሰፋው በር

እስከዚህ ድረስ ጭምብሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ በብሮድዌይ ከተቀበሉት መካከል ጥቁር ተዋናይ አልነበረም። ከግንቦት 2014 ጀምሮ ይህ ተለወጠ። በ«ለ ሚዜራብል» ዣቬርን፣ በ«ፖርጊ ኤንድ ቤስ» ፖርጊን የተጫወተው ኖርም ሉዊስ በብሮድዌይ የመጀመሪያው ጥቁር ፋንተም ሆነ። ከጎኑ የቆመችው ሲየራ ቦገስ ነበረች።

በ2016 አሊ ኢዎልት በብሮድዌይ ክሪስቲንን የተጫወተች የመጀመሪያዋ እስያዊ የዘር ሐረግ ያላት ተዋናይት ሆነች። ቤተሰቧ ከፊሊፒንስ የሚመዘዝ ነው።

ከዚያ የኮሮና ወረርሽኝ መጣ። በመጋቢት 2020 የለንደንም የኒውዮርክም በሮች ተዘጉ። የለንደኑ የመጀመሪያ ዝግጅት በዚያው አበቃ። ሐምሌ 27 ቀን 2021 እንደገና ሲከፈት መድረኩ ታድሶ፣ ኦርኬስትራውም ከ27 ወደ 14 ሙዚቀኞች ተቀንሶ ነበር። የሙዚቀኞቹ መቀነስ ብዙ ባለሙያዎችን አሳዝኗል። በዚያው ምሽት ግን ደስ የሚያሰኝ ነገርም ሆነ። ከኪሊያን ዶኔሊ ጋር ክሪስቲን ሆና የወጣችው ሉሲ ሴንት ሉዊስ በለንደን የመጀመሪያዋ ጥቁር ክሪስቲን ነበረች።

ብሮድዌይ ጥቅምት 22 ቀን 2021 ተመለሰ። ወላጆቿ ከካሜሩን የሄዱት ኤሚሊ ኩዋቹ በተለዋጭነት የተወሰኑ ትርዒቶችን ይዛ ጀመረች። ጥር 26 ቀን 2022፣ ተውኔቱ በብሮድዌይ በተከፈተበት ዕለት 34ኛ ዓመት ላይ፣ ሙሉ ክሪስቲን ሆነች፤ በብሮድዌይ ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር ክሪስቲን። ከአፍሪካ በስደት ከሄደ ቤተሰብ የተወለደች ልጅ፣ በአንድ ወቅት አሜሪካዊት ካልሆነች አይሆንም በተባለ ክርክር የተያዘውን ቦታ ወረሰች።

የመጨረሻው ምሽት

የወጪው ክብደትና ከወረርሽኙ በኋላ የተቀዛቀዘው ገበያ ብሮድዌይን አስገደደ። በመስከረም 2022 ተውኔቱ እንደሚዘጋ ተነገረ። ዜናው ሲሰማ ሕዝቡ ወደ ትኬት መስኮቱ ጎረፈ፤ መዝጊያውም ከየካቲት ወደ ሚያዝያ 16 ቀን 2023 ተገፋ።

በመጨረሻዎቹ ቀናት ከ2018 ጀምሮ ጭምብሉን ይዞት የነበረው ቤን ክሮፎርድ ታመመ። የዚህ ሁሉ ዘመን መጨረሻ የሆነውን ምሽት መጫወት አልቻለም። ቦታውን የያዘው ካናዳዊው ሌርድ ማኪንቶሽ ነበር፤ ለዓመታት በዚያው ተውኔት ውስጥ ያገለገለና ሚናውን በተጠባባቂነት የሚያውቀው ሰው። ከኤሚሊ ኩዋቹና ራውልን ከተጫወተው ከጆን ሪድል ጋር 13,981ኛውንና የመጨረሻውን ትርዒት ፈጸሙ። ብራይትማን መድረክ ላይ ወጥታ ንግግር አደረገች። ሎይድ ዌበር ምሽቱን ከጥቂት ሳምንታት በፊት በሞት ላጣው ልጁ ለኒኮላስ አበረከተው።

በ35 ዓመቱ የብሮድዌይ ዘመን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ተመልካች ያየው ተውኔት በተጠባባቂ ተዘጋ። አንዳንዶች ይህን እንደ ዕድለ ቢስነት አዩት። እኔ ግን ከዚያ የተሻለ ፍጻሜ ሊገኝለት ይችል ነበር ብዬ አላስብም። የመጀመሪያው ፋንተም አመጣው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሌሎች በዓለም ዙሪያ ተቀባበሉት፤ መጋረጃውን የዘጋው ስሙ በፖስተር ላይ በትልቁ ያልተጻፈ ሰው ነው። ተውኔቱን ያኖሩት በአብዛኛው እንደ እሱ ያሉ ናቸው።

የለንደኑ ትርዒት፣ ዛሬ ሂዝ ማጀስቲስ በተባለው በዚያው ቲያትር ቤት፣ ቀጥሏል። በ2025 ኒውዮርክ ውስጥ «ማስከሬድ» በሚል ስም ተመልካቹን ከክፍል ወደ ክፍል ይዞ በሚዞር አዲስ መልክ ሲመለስ ከፋንተሞቹ አንዱ ሂዩ ፓናሮ ነበር፤ ከሦስት አሥርት ዓመታት በፊት ራውል ሆኖ የጀመረው ሰው።

አንባቢ ሆይ፣ ወደየትኛውም ቲያትር ቤት ስትገባ በር ላይ የምታውቀው ተዋናይ ዛሬ እንደማይጫወትና ሌላ ሰው እንደተተካ ቢነገርህ ቅር አይበልህ፤ ትኬትህንም አትመልስ። ያ ሰው ሚናውን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት፣ ማንም ሳያየው ሲያጠና ኖሯል። ግባና እየው፤ ሲጨርስም ከመቀመጫህ ተነስተህ አጨብጭብለት።